«ያመጣሁት እህል የት ገባ?»

አንድ ቤት እናስብ። ባልና ሚስት ተፋተዋል። ሁለቱ ልጆች ከእናታቸው ጋር ቀርተዋል። የወረዳው ፍርድ ቤት አባትየው በየወሩ 1,500 ብር የልጆች ቀለብ ለእናትየው እንዲሰጥ ወስኗል።

አባትየው ክፉ ሰው አይደለም። በመስከረም ለልጆቹ ደብተርና ጫማ ገዛ። በኅዳር አንድ ኩንታል በቆሎ በአህያ ጭኖ አመጣ። በገበያ ቀን ትልቁን ልጅ ሲያገኘው 200 ብር በእጁ ያስይዘዋል። በየወሩ የሚሰጠውን ብር ግን ተወ። ሦስት ወር አለፈ። እናትየው ከሰሰች።

«ምን አጎደልኩ? ያመጣሁት እህል የት ገባ? ጫማውስ?» አለ አባት፣ ዳኛው ፊት ቆሞ።

«እህሉን አልካድኩም፤ በልተነዋል። ግን ሲያወርደው ‹ቀለብ ነው› አላለኝም። ጫማ ደግሞ የወፍጮ አይከፍልም። እኔ ጨውና ዘይት በዱቤ እየወሰድኩ ነው የከረምኩት» አለች እናት።

እንግዲህ ማን እውነት አለው? ለእኛ እንደሚመስለን ሁለቱም አላቸው። ነገሩን ያከበደውም ይኸው ነው።

በቤተሰብ ሕጉ ቀለብ ማለት ምግብ ብቻ አይደለም። ልብስ፣ መጠለያ፣ ሕክምናና ትምህርትም አለበት። ስለዚህ አባትየው «ጫማም ቀለብ ነው» ቢል ያለ ምክንያት አይደለም። ነገር ግን በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ እንዲህ ይላል። ብር የሚገባው ሰው በብሩ ፈንታ ሌላ ነገር ውሰድ ተብሎ አይገደድም፤ የነገሩ ዋጋ ቢበልጥም እንኳ። ደግሞም «ዕዳዬን ከፍያለሁ» የሚል ሰው መክፈሉን የሚያስረዳው ራሱ ነው።

ታዲያ አባትየው ተጠየቀ። በቆሎው በስንት ብር ታሰበ? የስንት ወር ቀለብ ነው? ለልጁ ስትሰጥ ማን አየ? ዝም አለ። በቆሎውን እናትየው ስላመነች ዳኛው ሊያስብለት ይችል ይሆናል። የገበያው ብር ግን ከልጁ በቀር ምስክር የለውም። ልጅን አምጥቶ በእናትና በአባቱ መካከል መስክር ማለት ደግሞ፣ እኛስ አንወደውም።

በቆሎው በወረደ ዕለት እንዲህ ተብሎ ቢጻፍ ኖሮ፦

«አንድ ኩንታል በቆሎ በ3,000 ብር ታስቦ፣ የጥቅምትና የኅዳር ወር የልጆቼ ቀለብ ሆኖ ተቀብያለሁ።»

ከሥር ቀን፣ የእናትየው ፊርማና የሁለት ምስክሮች ፊርማ። ሁለት ወረቀት ይጻፋል፤ አንዱ ከእሷ፣ አንዱ ከእሱ ዘንድ ይቀመጣል። እናትየው በቆሎውን በብሩ ፈንታ ካልፈለገች ከመፈረሟ በፊት እንቢ ትበል። አንዴ ከፈረመች በኋላ «ስጦታ መስሎኝ ነው» ማለት ይከብዳል። በጣት ፈርሚ ከተባለች ደግሞ ወረቀቱን መጀመሪያ ታንብበው፤ ካቃታት የምታምነው ሰው ያንብብላት።

አዝመራው የከፋበት አባትስ? ወደዚያው ፍርድ ቤት ተመልሶ «ቀለቡ ይቀነስልኝ» ብሎ ማመልከት ይችላል። ዳኛው የልጆቹን ችግርና የእሱን አቅም አይቶ ይወስናል። እስከዚያው ድረስ የተወሰነው 1,500 ብር ነው።