በር እያንኳኩ

(ምስል፦ የቡታጅራ መንገድ፣ ማለዳ። በርበሬ የተሰጣበት ግቢ።)

ቡታጅራ ከአዲስ አበባ በስተደቡብ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። ረግጧት የማያውቅ ሰው እንኳ የአካባቢዋን የማረቆ በርበሬ ያውቃል። በሥነ አእምሮ ሕክምና ዓለም ግን የከተማዋ ስም የሚነሳው በርበሬዋ ትዝ ብሏቸው በማያውቁ ሰዎች ነው።

እ.ኤ.አ. በ1998 መጠይቅ የያዙ ሰዎች በከተማዋና በዙሪያዋ ባለው ወረዳ ከበር በር መዞር ጀመሩ። የሚፈልጉት ዕድሜው ከ15 እስከ 49 የሆነውን ሁሉ ነው። የሚጠይቁት ግን ማንም እንግዳ ከደጅ ቆሞ የማይጠይቀውን ነበር። ሌላ ሰው የማይሰማው ድምፅ ሰምተው ያውቃሉ? የሚከታተልዎት፣ ሊጎዳዎት የሚያሴር ሰው አለ ብለው ጠርጥረው ያውቃሉ? ሐሳብዎን ሌላ ሰው የሚያነበው መስሎዎት ያውቃል?

እንዲህ እየተባለ 68,378 ሰው ተዳረሰ።

ጥያቄዎቹ የሚያነጣጥሩት ስኪዞፍሬኒያን በመሰሉ ከባድ የአእምሮ ሕመሞች ላይ ነው። ስኪዞፍሬኒያ ፊልም እንደሚያሳየን አንድ ሰው ሁለት ሰው የሚሆንበት ሕመም አይደለም። ታማሚው የሌለ ድምፅ ይሰማል፤ ማንም ቢያስረዳው የማይለቀው እምነት ይይዘዋል፤ ንግግሩ መያዣ መጨበጫ ያጣል። ብዙ ጊዜ የሚጀምረው በወጣትነት፣ ቤተሰብ ከልጁ ብዙ በሚጠብቅበት ዕድሜ ነው። ሌላም ፊት አለው፤ ዝምታው። ታማሚው ከሰው ይርቃል፣ ገላውን መታጠብ ይተዋል፣ ፊቱ ላይ ደስታም ሐዘንም አይነበብም። ይህን ሰፈሩ ስንፍና ይለዋል። ድምፁን ደግሞ ልክፍት።

ለመሆኑ ያን ያህል በር ማንኳኳት ለምን አስፈለገ?

ነገሩ ወደኋላ ይወስደናል። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻ የዓለም ጤና ድርጅት በዘጠኝ አገሮች የሚገኙ ታማሚዎችን መከታተል ጀምሮ ነበር። ናይጄሪያና ሕንድ አሉበት፤ ዴንማርክ፣ እንግሊዝና አሜሪካም አሉበት። ከዓመታት በኋላ የታየው ውጤት ብዙዎችን አስገረመ፤ በድሃዎቹ አገሮች ያሉ ታማሚዎች ከሀብታሞቹ የተሻለ አገግመው ተገኙ። ማብራሪያው ወዲያው ተገኘለት። ሰፊ ቤተሰብ አለ፣ ጎረቤት አለ፣ እርሻና ከብት ጥበቃ ማንንም ሥራ ፈት አያደርግም ተባለ። ደስ የሚል ማብራሪያ ነው። እኛንም ያኮራል፤ ገንዘብ ባይኖረን ሰው አለን ያሰኛል።

የዚያ ጥናት ታማሚዎች ግን የተገኙት ሕክምና ተቋም ደጃፍ ላይ ነው። ሐኪም ፊት ከቶ ያልቀረበውስ? ጓዳ የቀረውስ? ተመራማሪዎቹ አታላይ ዓለም፣ ደረጀ ከበደና ባልደረቦቻቸው ቡታጅራ የወረዱት ይህን ሰው ፍለጋ ነበር።

(ምስል፦ የቀበሌ መንደር፣ ዛፍ ሥር የተቀመጡ ሽማግሌዎች ከሩቅ።)

መጠይቁ ብቻውን አልበቃም። ስለዚህም ተመራማሪዎቹ አገር የሚያውቃቸውን ሰዎች፣ ሰፈሩን በቤቱ ቁጥር ሳይሆን በልጆቹ ስም የሚያውቁትን፣ ጠየቁ። እነሱም መንገድ ለመንገድ ብቻውን እያወራ የሚዞረውን፣ ልብሱን የጣለውን፣ የሰው አጥር የሚነቀንቀውን ጠቆሙ። ይህን ለማወቅ ሐኪም መሆን አያሻም። አንገቱን ደፍቶ ቤት የተቀመጠው ግን ከነሱም ዓይን ያመልጥ ነበር።

በመጨረሻ ስኪዞፍሬኒያ እንዳለባቸው የተረጋገጠው 321 ሰዎች ናቸው። አንድ ሴት ሲገኝ አምስት ያህል ወንድ ተገኝቷል፤ በሌላው ዓለም ልዩነቱ ከዚህ በእጅጉ ያነሰ ነው። የቡታጅራ ሴቶች ከሕመሙ ተርፈው ነው? ወይስ በጓዳው በር በኩል ማንም አላንኳኳም? ይህ ዝግጅት መልስ የለውም፤ ጥርጣሬው ግን ወደ ሁለተኛው ያደላል።

ከእነዚህ ሰዎች በዕድሜያቸው አንድ ጊዜ እንኳ የሥነ አእምሮ መድኃኒት ቀምሰው የሚያውቁት ከአሥር አንድ አይሞሉም። ለዚህ ሕመም የመጀመሪያው መድኃኒት፣ ክሎርፕሮማዚን፣ ፓሪስ ላይ ለታማሚዎች መሰጠት ከጀመረ ያኔ ግማሽ ምዕተ ዓመት ሊሞላው ነው። ከሦስቱ ሁለት ያህሉ ሕመሙ ፋታ ሳይሰጣቸው አብሯቸው ኖሯል። ሰፊው ቤተሰብ አለ፣ እርሻውም አለ። ይሻላቸዋል የተባሉት ግን አልተሻላቸውም።

ቤተሰቡም ቢሆን ብቻውን ነበር። በዚያው አካባቢ ከተጠየቁ 178 የታማሚ ዘመዶች ከአራቱ ሦስቱ መገለል እንደሚሰማቸው ተናግረዋል። ከሦስት አንድ የሚበልጡት ሕመሙን ቢደብቁት ይመርጣሉ። አብዛኞቹ መፍትሔ ያሉት ጸሎት ነበር።

የአእምሮ ሐኪም ቤት ማለት ያኔ አማኑኤል ነው፤ አዲስ አበባ። የዚህ ሆስፒታል ስም እስከ ዛሬ በየሰፈሩ መሳለቂያ ነው። የሚናወጥ ልጅ ይዞ፣ ለሁለት ሰው ተሳፍሮ፣ አልጋ ተከራይቶ እዚያ መድረስ የስንት ኩንታል በርበሬ ዋጋ እንደሆነ ገበሬው ያውቀዋል። የቀረው ገመድ ወይም ሰንሰለት ነው። ልጁን ያሰረ አባት ጨካኝ የሚመስለው ከሩቅ ለሚያየው ነው። ቢፈታው ገደል ይገባል፣ ወይ የሰው ቤት ያቃጥላል፣ ወይ ደብድበው ይገድሉታል ብሎ ነው። በዚህ ዝግጅት የታሰረ ሰው አናሳይም፤ ፊቱን ያሳዩብን ብሎ የፈቀደ የለምና።

ከጥናቱ ጋር ቡታጅራ ላይ በሥነ አእምሮ ነርሶች የሚሠራ ክሊኒክ ተከፈተ። ክኒኑ መጣ፣ በወር አንዴ የሚወጋው መርፌም መጣ። ብዙዎች ተረጋጉ። ታሪኩ እዚህ ቢያበቃ ለዝግጅታችንም በተመቸው ነበር።

(ምስል፦ ምድጃ፣ ባዶ ሰታቴ። ድምፅ የለም።)

የተሻላቸው ሰዎች መድኃኒቱን እየተዉ ተገኙ። ተመራማሪዎች ምክንያቱን ታማሚዎችን፣ አስታማሚዎችንና የጤና ሠራተኞችን ጠየቁ። የተለመደው መልስ ነበር፤ ያንቀጠቅጣል፣ ያደክማል፣ ጠበል ይሻላል የሚል። ጎልቶ የወጣው ግን ሌላ ነው፤ መድኃኒቱ ያስርባል። እነዚህ መድኃኒቶች የምግብ ፍላጎት እንደሚከፍቱ በሕክምና የታወቀ ነው። አውሮፓ ውስጥ ሐኪም የሚጨነቀው ታማሚው እንዳይወፍር ነው። ቡታጅራ ውስጥ ክኒኑን የዋጠ ሰው ሌሊት ርቦት ይነሳል፤ ሞሰቡ ደግሞ ባዶ ነው። ከልጆቹ አፍ ነጥቆ ላይበላ ነገር፣ ክኒኑን ይተዋል። ድምፁ ተመልሶ ይመጣል።

ከዚህ ወዲያ ለዓለም ጤና ድርጅት ውጤት የተሰጠውን ማብራሪያ ያለ ቅሬታ ማንበብ ይከብዳል። ጎረቤት መልካም ነው፤ ጎረቤትም ግን ጎታው ተሟጦበታል።

በቡታጅራ ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለባቸውን 919 ሰዎች ለአሥር ዓመት የተከታተለ ጥናት አለ። በእነዚያ ዓመታት 121 ሞተዋል። ራሱን ያጠፋ አለ፤ አደጋ የገጠመውና በሰው እጅ የተገደለም አለ። ግማሽ ያህሉን የገደላቸው ግን ማንንም የሚይዝ ተላላፊ በሽታ ነው። የሞቱትም መኖር ይችሉ ከነበረው ዕድሜ ሠላሳ ዓመት ያህል ቀድመው ነው።

ቤቱ ይህን መድኃኒት የሚወስድ ሰው ያለው ተመልካች ክኒኑን ከመስጠቱ በፊት ራት መኖሩን ይይ። ከሌለ ለነርሷ ሳያፍር ይንገራት፤ መድኃኒቱን ዝም ብሎ አያቋርጥ።