የአሮጌ ሞተር ማንነትና ዋጋ

አንድ አሮጌ የመኪና ሞተር ቀርቦላችሁ ዋጋውን ገምቱ ብትባሉ ከምን ትጀምራላችሁ? የብዙ ሰው ዓይን አስቀድሞ የሚያርፈው በቀለሙና በንጽሕናው ላይ ነው። ይሁን እንጂ ቀለም በአንድ ቀን ይቀባል፤ የሞተር ዋጋ ግን የሚታወቀው በማንነቱና በጤንነቱ ነው።

በአገራችን በሰፊው የታወቀችውን አሮጌዋን ቮልስዋገን ለምሳሌ እንውሰድ። ሞተሯ ከኋላ የተተከለ ሲሆን የሚቀዘቅዘው በውሃ ሳይሆን በአየር ነው። የሞተሩ ቁጥር ከዲናሞው ሥር በቀፎው ላይ ተቀርጾ ይገኛል። እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ በተሠሩት ሞተሮች ላይ ቁጥሩን የላቲን ፊደል ይቀድመዋል። «ዲ» ባለ 1192፣ «ኤፍ» ባለ 1285፣ «ኤች» ደግሞ ባለ 1493 ሴንቲ ሜትር ኩብ ሞተር መሆኑን ያመለክታል።

ሆኖም ፊደሉ ብቻውን በቂ ምስክር አይደለም፤ ቀፎው ሳይለወጥ የውስጥ ዕቃው ሊለወጥ ይችላልና። ስለዚህ ሞተሩ ሲፈታ የሲሊንደሩ የውስጥ ስፋት ይለካል። የ«ኤች» 83 ሚሊ ሜትር ነው። «ዲ» እና «ኤፍ» ግን ሁለቱም 77 ሚሊ ሜትር ስለሆኑ የሚለዩት ፒስቶኑ በሚመላለስበት ርዝመት ነው፤ የ«ዲ» 64፣ የ«ኤፍ» 69 ሚሊ ሜትር ነው።

ሞተሩ ከነመኪናው የሚሸጥ ከሆነ ቁጥሩን በሊብሬው ላይ ከተጻፈው ጋር አስተያዩ። ቁጥሩ በሞረድ ተፍቆ ከተገኘ፣ ገዢው ሳያውቅ የተሰረቀ ንብረት ይዞ ሊገኝ ይችላል። እንዲህ ያለው ሞተር በርካሽ ቢሸጥም እንኳ ውድ ነው።

ከዚህ በኋላ ጤንነቱ ይመረመራል። ሞተሩ ጠፍቶ ሳለ ቺንጋው የሚዞርበትን ፑሌጃ ይዛችሁ ወደ ውስጥ ግፉት፤ መልሳችሁም ሳቡት። የሚፈቀደው እንቅስቃሴ ከ0.15 ሚሊ ሜትር ስለማይበልጥ በዓይን ለመለየት ያስቸግራል። ፑሌጃው በግልጽ የሚወጣና የሚገባ ከሆነ ግን ቀፎው ተከፍቶ መጠገን አለበት፤ የጥገናውም ወጪ ከዋጋው ላይ ይቀነሳል።

በመጨረሻም ገዢው ሞተሩን የሚፈልገው ለምን እንደሆነ ይታያል። ለሥራ ለሚፈልገው ሰው ዋናው ነገር ጥንካሬው ነው። አሮጌ መኪና እንደ ቅርስ ለሚጠብቅ ሰው ግን ከፋብሪካ ከመኪናው ጋር የወጣው ሞተር ባይሠራ እንኳ ከሌላው ሊበልጥበት ይችላል፤ የዚህች መኪና ምርት እ.ኤ.አ. በ2003 በሜክሲኮ ስላበቃ ምትክ አይገኝለትምና። እንግዲህ ማንነቱንና ጤንነቱን ሳትመረምሩ ዋጋውን አትጥሩ።