ራቭ ፎሯ ስትደክም ምን ይገዛል?

ጌጃ ሰፈር ውስጥ መንገድ ዳር ከቆሙት መኪኖች መካከል አንድ አሮጌ ራቭ ፎር አታጡም። ትርፍ ጎማዋ የኋላ በሯ ላይ የተሰቀለ፣ በሯ እንደ ቤት በር ወደ ጎን የሚከፈት፣ ሁለት ሦስቴ ቀለም የተቀባች። ልጆች ትምህርት ቤት አድርሳለች፣ ለሠርግ ሪባን ታስሮላታል፣ ለለቅሶ ወንበር ጭናለች፣ ለመስቀል አገር ቤት ወርዳለች። ቶዮታ ይህቺን መኪና ለመጀመሪያ ጊዜ ገበያ ያወጣት በአውሮፓውያኑ 1994 ነው። አንዳንዶቹ ከቤቱ ትልቅ ልጅ ይበልጣሉ ማለት ነው።

አሁን ግን ደክማለች። ጠዋት ስትነሳ ጭሷ ሰማያዊ ነው፣ ዘይት ትጠጣለች፣ ጋራዥ የምታድርበት ቀን እየበዛ ሄዷል። አባት ስልኩ ላይ የተደፋውን ልጅ ይጠሩና "እስቲ እይልኝ፣ ይቺን ሸጠን ምን ብንገዛ ይሻላል?" ይላሉ። ያው የቤቱ አማካሪ ስልክ የያዘው ነው። ጥያቄው ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን ለብዙ ቤተሰብ መኪናዋ ትልቋ ንብረት ናት፣ አንዴ ከተሸጠች ደግሞ በዚያው ዋጋ ተመልሳ አትገኝም።

ከጥቂት ዓመታት በፊት መልሱ አጭር ነበር፦ ሞዴሏ ከፍ ያለ ራቭ ፎር፣ ካልሆነም ሱዙኪ ቪታራ። ያ በር ተዘግቷል። ጥር 2016 ላይ የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስትሩ ዓለሙ ስሜ ኤሌክትሪክ ካልሆነ በቀር አውቶሞቢል ወደ አገር እንደማይገባ ተናገሩ። ምክንያቱ የውጭ ምንዛሪ ነው፤ ለነዳጅ በዓመት 6 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ይወጣል ተባለ። ስለዚህ አሁን የቀረው ያለችውን ማደስ፣ ከእገዳው በፊት የገባች የነዳጅ መኪና ከሌላ ሰው መግዛት፣ ወይም ኤሌክትሪክ ነው።

ከሁሉ በፊት ግን አንድ ነገር ልብ በሉ። ራቭ ፎሯ መኪና ብቻ አልነበረችም፣ ባንክም ነበረች። ሌላው ዓለም ላይ መኪና ከሱቅ በወጣ ማግስት ዋጋው ይወርዳል። እኛ ጋ ተገልብጦ ነው የኖረው። በ2012 የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ አሮጌ መኪና ላይ እስከ 500 በመቶ ሲጭን፣ ቀድሞ የገባው ሁሉ ቁጭ ባለበት ተወደደ። ጥር 2016 ላይ እገዳው መጣ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ደግሞ ብር በገበያ እንዲወሰን ተለቀቀና 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብር አለፈ። ራቭ ፎር የገዛ ሰው ዓመታት ነድቷት፣ ስንት ጎማ ጨርሶባት፣ ከገዛበት በብዙ እጥፍ ይሸጣታል። ይህን የለመደ ሰው ኤሌክትሪክ መኪናንም በዚያው ዓይን ያያል። ችግሩ እዚህ ጋ ነው።

ኤሌክትሪክ መኪና በጠባዩ ወደ ስልክ ይቀርባል። አዲሱ ሲወጣ የእናንተው ይረክሳል። ግንቦት 2017 ላይ ቢዋይዲ ቻይና ውስጥ 22 ሞዴሎቹ ላይ በአንድ ጊዜ ዋጋ ቀነሰ፤ ትንሿ ሲገል መነሻዋ 55,800 ዩዋን ድረስ ወረደ። የብር መዳከም የመኪናውን ዋጋ ወደ ላይ ይጎትተዋል፣ የፋብሪካው ቅናሽና የባትሪው ዕድሜ ወደ ታች። የቱ እንደሚያሸንፍ ደላላ አያውቅም፣ ቢምልላችሁም። ስለዚህ ኤሌክትሪክ ስትገዙ "ነገ አትርፌ እሸጠዋለሁ" የሚለውን ከሒሳቡ አውጡት። ያለሱ ካዋጣችሁ ግዙ።

ያለሱ ያዋጣል ወይ? ይሄን የሚወስነው በቀን የምትነዱት ኪሎ ሜትር ነው። እስቲ ካልኩሌተር አውጡ።

በታኅሣሥ 2017 መጨረሻ አዲስ አበባ ላይ ቤንዚን በሊትር 101 ብር ከ47 ሳንቲም ገባ። ሁለት ዓመት ተኩል ቀደም ብሎ 47 ብር ከ83 ነበር። ከዚያ ወዲህም ስለጨመረ የዛሬውን እናንተ ተክታችሁ ምቱት፤ እኛ በዚህ እንቀጥል። አሮጌ ራቭ ፎር በከተማ ትራፊክ በሊትር 8 ኪሎ ሜትር ትሄዳለች እንበል። በቀን 40 ኪሎ ሜትር ከሆነ 5 ሊትር፣ 507 ብር። በወር 26 ቀን ብትነዷት 13,190 ብር ገደማ። ኤሌክትሪኩ ያንኑ መንገድ፣ ቻርጅ ሲደረግ የሚባክነውን ጨምሮ፣ በ8 ኪሎዋት ሰዓት ይሄደዋል። የመብራት ታሪፍ ከመስከረም 2017 ጀምሮ በየሦስት ወሩ ደረጃ በደረጃ እየጨመረ ስለሆነ ለጥንቃቄ አንዱን ኪሎዋት ሰዓት በ8 ብር እንያዘው። በወር 1,664 ብር ይመጣል።

ልዩነቱ በወር 11,500 ብር ገደማ ነው። ደስ ይላል። አሁን ግን ራቭ ፎሯን ሸጣችሁ 2 ሚሊዮን ብር መጨመር ካለባችሁ፣ ያንን ብር ከነዳጅ ቁጠባ ብቻ ለመመለስ 14 ዓመት ተኩል ያስፈልጋል።

የራይድ ሥራ የምትሠሩ ከሆነና በቀን 150 ኪሎ ሜትር ከሄዳችሁ ግን ነገሩ ይገለበጣል። በዚያው ስሌት ቁጠባው በወር 43,000 ብር ይደርስና 2 ሚሊዮኑ አራት ዓመት ሳይሞላ ይመለሳል። ስለዚህ "ጎረቤት ገዛና አዋጣው" የሚባለውን ስትሰሙ፣ ጎረቤት በቀን ስንት እንደሚነዳ አብራችሁ ጠይቁ።

ቀጥሎ የሚመጣው የት ትሰኩታላችሁ የሚለው ነው። ለእኛ ሰፈር ዋናው ጉዳይ ይሄ ይመስለኛል፣ ሻጭ ግን አያነሳውም። ከመኪናው ጋር የሚመጣው ተንቀሳቃሽ ቻርጀር ብዙውን ጊዜ እስከ 3.5 ኪሎዋት ይስባል። ይህ የኤሌክትሪክ እንጀራ ምጣድ ከሚወስደው ጋር ይቀራረባል። 60 ኪሎዋት ሰዓት የሚይዝ ባትሪ ከባዶ እስኪሞላ 17 ሰዓት አካባቢ ይፈጃል፤ እንግዲህ ያን ያህል ሰዓት ምጣድ ተጥዶ እንደዋለ አስቡት። ደግነቱ በየቀኑ ከባዶ አትነሱም፤ የ40 ኪሎ ሜትሯ ሁለት ሰዓት ተኩል ብትሰኩላት ይበቃታል። ግን የቀበሌ ቤት ውስጥ፣ ቆጣሪው የጋራ፣ ገመዱ አያት የዘረጉት፣ መኪናው የሚያድረው ደግሞ ከበሩ ሃምሳ ሜትር ርቆ ከሆነስ? ተከራይ ከሆናችሁ አከራዩ ይፈቅዳሉ? ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ከሆናችሁ ገመዱ በመስኮት ሊወርድ ነው? ብዙ አሮጌ ቤት የመሬት መስመር የለውም፤ ያኔ ቻርጀሩ ቀይ መብራት ያበራና አልሠራም ይላል። እሱን ማታለያ ማራዘሚያ የሚሸጥላችሁ ሰው አይጠፋም። አትግዙ፣ የሚከላከለው ከሞት ነው።

በእርግጥ ውጭ ማስሞላት ይቻላል። ኢትዮ ቴሌኮም በ2017 አዲስ አበባ ውስጥ ፈጣን ቻርጅ ማድረጊያ ከፍቷል፣ የግል ድርጅቶችም አሉ። ግን ቤቱ ውስጥ መሰካት የማይችል ሰው ነዳጅ ማደያ ሰልፍን በቻርጅ ሰልፍ ለወጠ እንጂ አልተገላገለም።

ከዚያ ደግሞ አገር ቤት አለ። ከሰፈራችን ለመስቀል ወደ ወልቂጤ የሚወርድ ብዙ ነው፤ መንገዱ 155 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ደርሶ መልስ 310። ቢዋይዲ ዩዋን ፕላስ ባለ 60 ኪሎዋት ሰዓቱ ሰነዱ ላይ "510 ኪሎ ሜትር" ይላል። ያ የቻይና መለኪያ ነው፣ በጣም ለጋስ ነው። ያቺው ባትሪ በአውሮፓ መለኪያ 420 ተብላለች። አምስት ሰው፣ የመልስ ቅቤና ቆጮ፣ ዝናብ፣ ከ1,900 ሜትር አካባቢ ወደ 2,300 ሜትር ሽቅብ... ከ420ውም ላይ ቀንሱ። ትደርሳላችሁ፣ ትመለሳላችሁም፣ ግን ወልቂጤ ላይ ዘመድ ቤት ማታውን ብትሰኳት ልብ ያርፋል። ባለ 305 ኪሎ ሜትሯ ሲገል ግን የመልሱን ነገር ከወዲሁ መክራችሁበት ነው። ባሕር ዳርማ 500 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው፣ መሃሉ ላይ የዓባይ በረሃ አለ፤ ለዚያ መንገድ ራቭ ፎርን የሚተካ ኤሌክትሪክ ገና አላየሁም።

ለኤሌክትሪክ መመስከር ያለብኝም አለ። አዲስ አበባ 2,300 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሆነች አየሩ ቀጭን ነው፤ ተራ የቤንዚን ሞተር እዚህ ከጉልበቱ አንድ አምስተኛ ያህል ያጣል። ራቭ ፎሯ ወደ እንጦጦ ስትወጣ የምታቃስተው እርጅና ብቻ አይደለም። ኤሌክትሪክ ሞተር አየር አይፈልግም፣ ጉልበቱ ሙሉ ነው። የከተማችን አየርም በጣም አይሞቅ፣ በጣም አይበርድ፤ ለባትሪ ዕድሜ ጥሩ ነው። ፍሪሲዮን የለ፣ ካንዴላ የለ፣ ዘይት ቅያሪ የለ።

ሞዴልን በተመለከተ ሐሳቤን ልናገር። በመጠን ከራቭ ፎር ጋር የሚቀራረቡት ዩዋን ፕላስ፣ ሶንግ ፕላስ፣ የቮልስዋገን አይዲ 4 እና የቶዮታ ቢዚፎርኤክስ ናቸው። ከከተማ ለማይወጣ ቤተሰብ ዩዋን ፕላስ ይበቃል፤ አገር ቤት ለሚመላለስ ሶንግ ፕላስ፣ በተለይ ባለ 87 ኪሎዋት ሰዓቱ፣ ይሻላል። ቢዚፎርኤክስን ብዙዎች የሚያዩት "ቶዮታ ነው" ብለው ነው። በአውሮፓውያኑ 2022 የጎማው ብሎን ሊላቀቅ ይችላል ተብሎ ወደ 2,700 የሚሆኑት በዓለም ዙሪያ መጠራታቸውን አትርሱ፤ ችግሩ ተስተካክሏል፣ ግን ስም ብቻውን ዋስትና አይሆንም። ሲገል ጎበዝ የከተማ መኪና ናት፤ ራቭ ፎርን ትተካለች ማለት ግን ኩሊን በቦርሳ መተካት ነው።

የትኛውንም ስትገዙ ከታች ጎንበስ ብላችሁ እዩ። ባትሪው ሆዷ ሥር ነው ያለው። ዩዋን ፕላስ ከመሬት የምትርቀው 17 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ ራቭ ፎሯ ተንጫጭታ የምታልፈው ኮብልስቶንና ጉብታ እዚህ የባትሪ ሽፋን ይመታል። ያገለገለ ከሆነ የባትሪውን ጤና በስካነር በመቶኛ አስነብቡ፣ ሻጩ "አያስፈልግም" ካለ ሌላ ሻጭ ፈልጉ። እዚህ ያሉት አብዛኞቹ ለቻይና ገበያ የተሠሩ ስለሆኑ ሶኬታቸው ከአውሮፓው ይለያል፤ ስክሪኑ ቻይንኛ ብቻ ሊሆን ይችላል፣ የስልክ መተግበሪያውም የቻይና ስልክ ቁጥር ይጠይቃል። ዋስትና አለው ከተባላችሁ ማን እንደሚያከብረው፣ ጋራዡ የት እንደሆነ በጽሑፍ ተቀበሉ።

ምክንያቱም ሶማሌ ተራ ገና አልደረሰላችሁም። ከጌጃ ሰፈር ብዙም የማይርቀው ያ ሰፈር የራቭ ፎር ስፖኪዮ፣ ራዲያተር፣ ኮፈን፣ ምን አለፋችሁ፣ ሙሉዋን መኪና በቁርጥራጭ ይሰጣችኋል (አንዳንዴ ትናንት የጠፋባችሁን የራሳችሁን ስፖኪዮ)። የኤሌክትሪኩ የፊት መብራት ከተሰበረ ግን ከቻይና እስኪመጣ መጠበቅ ሊኖር ነው። የሰፈር መካኒክም ጎበዝ ቢሆን 400 ቮልት አካባቢ ያለበትን ሳጥን እንዲከፍት አትፍቀዱለት።

ይህን ሁሉ አይቶ በቀን 30 ወይም 40 ኪሎ ሜትር ብቻ ለሚነዳ ቤት እኔ የምለው ራቭ ፎሯን አድሷት ነው። ቻሲዋና አካሏ ጤነኛ ከሆነ ሰማያዊ ጭስ ማለት ፋሻ አልቋል ወይም የቫልቭ ጎማ ደርቋል ነው፤ ሞተር ተከፍቶ ይሠራል፣ ወጪውም ለኤሌክትሪክ ከምትጨምሩት አጠገብ አይደርስም። ሥሯ በዝገት የተበላ ወይም በግጭት የተጣመመ ከሆነ ግን ብር አታፍሱባት። "ሌላ የነዳጅ መኪና ልግዛ" የሚለው ለእኔ ደካማው ምርጫ ነው፤ የሌላውን ሰው ድካም በውድ መግዛት ነው፣ ታሪኳን በደንብ የምታውቋት የዘመድ መኪና ካልሆነች በቀር።

ኤሌክትሪኩን ከመረጣችሁ ራቭ ፎሯን ከመሸጣችሁ በፊት አንድ ነገር አድርጉ። ኤሌክትሪክ ያለው ዘመድ ወይም ጓደኛ ፈልጉ፣ አንድ ማታ መጥቶ እናንተ ቤት ይሰካ። በዚያው ሰዓት ምጣዱም ይጣድ። ብሬከሩ ከወረደ ወይም ሶኬቱ እጅ የሚያቃጥል ከሆነ፣ መጀመሪያ የሚጠራው ደላላው ሳይሆን ኤሌክትሪሺያኑ ነው።