የድሬዳዋ የጎዳና ምግብ፦ ከገበሬው ማሳ እስከ ከሰሉ ምድጃ

ፀሐይ ወደ ምዕራብ ስታዘነብል የድሬዳዋ ጎዳናዎች መልካቸውን ይለውጣሉ። በቀትሩ ሙቀት ጥላ ይዞ የቆየው ነዋሪ ወደ ከዚራ፣ ወደ መጋላ፣ ወደ ሳቢያንና ወደ ለገሀሬ ይወጣል። በየማዕዘኑ ከሰል ይቀጣጠላል፤ በብረት ድስቱ ዘይት ይግላል፤ ሳምቡሳና ባጂያ ይጠበሳል። የተቆላ ለውዝ የያዙ ልጆች በአላፊ አግዳሚው መካከል ይመላለሳሉ። በሌሎች ከተሞች መኪና ላይ የተገጠመ ኩሽና እየተለመደ ቢመጣም፣ በድሬዳዋ ያንን ሥራ የሚሠሩት ጋሪው፣ ምድጃውና ትንሿ አግዳሚ ወንበር ናቸው።

ይህ ምግብ የከተማ ምግብ ተብሎ ቢጠራም መነሻው ገጠር ነው። ጣዕሙም ሆነ ደኅንነቱ የሚወሰነው በሁለት ቦታ ነው፤ አንደኛው የገበሬው ማሳና ጎተራ ሲሆን፣ ሁለተኛው ምግቡ ከምድጃ ወርዶ እስኪበላ ድረስ የሚቆይባቸው ጥቂት ሰዓታት ናቸው።

ባቡሩ ያመጣው ማዕድ

የጅቡቲው የባቡር መስመር ወደ ሐረር ደጋ መውጣት ስላልቻለ ከተራራው ግርጌ አለፈ፤ በ1895 ዓ.ም. ሐዲዱ በደረሰበት ሥፍራም ድሬዳዋ ተቆረቆረች። የመናውያን፣ ሕንዳውያን፣ ግሪኮች፣ አርመኖችና ሌሎችም ነጋዴዎች ከሶማሌው፣ ከኦሮሞው፣ ከአደሬው፣ ከአማራውና ከሌላው የሀገር ልጅ ጋር በአንድ ገበያ ተገናኙ። የምግቦቹ ስሞች ይህን ታሪክ እስካሁን ይዘዋል። ሳምቡሳ ከፋርስና ከዐረብ ምድር፣ ባጂያ ከሕንድ፣ ፈቲራና ፉል ከዐረቡ ዓለም የመጡ ስሞች ናቸው።

ይሁንና ስሙ ከባሕር ማዶ ቢመጣም፣ በውስጡ ያለው እህል በአመዛኙ የሀገር ውስጥ ገበሬ ያመረተው ነው። የሳምቡሳው ምስርና የፉሉ ባቄላ ቀዝቃዛ አየር የሚፈልጉ የደጋ ሰብሎች በመሆናቸው በድሬዳዋ ቆላ አይበቅሉም፤ ከደጋማ አካባቢዎች ተጭነው ይመጣሉ። በዳጣ የሚበላው ድንች ከሐረማያና ከአካባቢው የምሥራቅ ሐረርጌ ደጋ ይወርዳል። የግመል ወተቱ ከሶማሌ ክልል አርብቶ አደሮች ይደርሳል። ማንጎ፣ ፓፓያና በአካባቢው ዘይቱን የሚባለው ፍሬ በመስኖ ከሚለሙ ቆላማ ማሳዎች ወደ ቀፊራ ገበያ ይገባሉ። አንድ ተመጋቢ በአንድ ምሽት ቆሞ የሚቀምሰው ምግብ የደጋውን፣ የቆላውንና የአርብቶ አደሩን ምርት በአንድ ላይ ያገናኛል።

ከሁሉም የምስር ሳምቡሳ የተለየ ቦታ አለው። ቅቤም ሥጋም ስለሌለው በዐቢይ ጾም ለክርስቲያኑ የጾም ምግብ ይሆናል፤ በረመዳን ደግሞ ከተምርና ከሾርባ ጋር ለሙስሊሙ ማፍጠሪያ ይቀርባል። አንዲት ሻጭ በአንድ ድስት የሁለቱንም ደንበኛ ታስተናግዳለች።

ለውዙ ከአፈር ሥር ምን ይገጥመዋል?

በሌላው የሀገሪቱ ክፍል ኦቾሎኒ የሚባለው ሰብል በምሥራቁ ለውዝ በሚል ስም ይታወቃል። የባቢሌ አሸዋማ አፈር ለዚህ ሰብል እጅግ ይስማማል። ምክንያቱ የሰብሉ ተፈጥሮ ነው፤ አበባው ከመሬት በላይ ይፈካል፣ ከተዳቀለ በኋላ ግን ቀጭን ዘንግ ወደ ታች ዘርግቶ አፈር ውስጥ ይገባል። ፍሬው የሚያድገው እዚያው ከመሬት ሥር ነው። አፈሩ ልል ካልሆነ ዘንጉ ለመግባት፣ ገበሬውም ፍሬውን ለመንቀል ይቸገራሉ።

ፍሬው አፈር ውስጥ ማደጉ ግን ለአንድ አደጋ ያጋልጠዋል። በአፈር ውስጥ የሚኖር ሻጋታ፣ በተለይ ፍሬው በሚሞላበት ወቅት ድርቅና ሙቀት ሲበረታ ወይም ምርቱ ሳይደርቅ ሲከማች፣ አፍላቶክሲን የተባለ መርዝ ያመነጫል። ይህ መርዝ ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ የጉበት ካንሰር ያስከትላል፤ ከሕፃናት ዕድገት መቀጨጭ ጋርም ግንኙነት እንዳለው ጥናቶች ያመለክታሉ። በባቢሌ፣ በፈዲስና በጉርሱም አካባቢዎች በተመረተ ለውዝ ላይ የተካሄዱ ጥናቶች መርዙ በናሙናዎች ውስጥ መገኘቱን አረጋግጠዋል።

የመርዙን ክብደት ለመረዳት የአውሮፓ ኅብረትን ገደብ መመልከት ይጠቅማል። ኅብረቱ በቀጥታ ለምግብ በሚውል ለውዝ ላይ የሚፈቅደው አጠቃላይ የአፍላቶክሲን መጠን በአንድ ኪሎ ግራም 4 ማይክሮ ግራም ብቻ ነው። ይህም በ1 ሺህ ቶን ለውዝ ውስጥ 4 ግራም እንደማለት ነው። ይህን ገደብ ያለፈ ምርት ወደዚያ ገበያ አይገባም፤ ስለዚህ ጉዳዩ የጤና ብቻ ሳይሆን የገበሬው ገቢም ነው።

መቁላት መርዙን ሙሉ በሙሉ አያጠፋውም፤ መርዙ የምጣድ ሙቀትን ይቋቋማልና። መፍትሔው የሚጀምረው ከማሳ ነው። ምርቱን በወቅቱ መንቀል፣ ከመሬት ከፍ ባለ ቆጥ ወይም በሸራ ላይ በሚገባ ማድረቅ፣ ልጣጩ በቀላሉ እንዲለቅ ብሎ ውሃ አለመርጨት፣ የተጨማደደውን፣ ቀለሙ የተለወጠውንና የሻገተውን ፍሬ ለይቶ ማውጣት ዋና ዋናዎቹ ናቸው። መርዙ በአብዛኛው በጥቂት የተበላሹ ፍሬዎች ላይ ስለሚከማች፣ በእጅ መልቀም ብቻውን ከፍተኛ ለውጥ ያመጣል። የተለቀመው ፍሬ ግን ተፈጭቶ ለምግብ፣ ወይም በፋጉሎ መልክ ለወተት ላም መዋል የለበትም፤ መርዙ ወደ ወተቱ ይተላለፋል።

የግመል ወተትና የድንቹ ቀለም

የግመል ወተት በድሬዳዋ በጥሬውም በሻይም ይጠጣል። አርብቶ አደሮች የወተቱን ዕቃ በእንጨት ጭስ ያጥናሉ፤ ጭሱ ለወተቱ መዓዛ ከመስጠቱም በላይ የመበላሸቱን ፍጥነት ይቀንሳል። ይሁን እንጂ ጭስ ከእንስሳ ወደ ሰው የሚተላለፈውን የብሩሴሎሲስ በሽታ አይከላከልም። በደንብ የፈላ ወተት የተጨመረበት ሻይ ከጥሬው ወተት ይልቅ አስተማማኝ የሚሆነውም በዚህ ምክንያት ነው። ወተቱ አንገተ ጠባብ በሆነ የፕላስቲክ ጀሪካን ሲጓጓዝ ውስጡን አጥቦ ማጽዳት አስቸጋሪ ስለሚሆን፣ ሰፊ አፍ ያለው የብረት ዕቃ ይመረጣል።

ድንቹም የራሱ ምልክት አለው። ለረጅም ጊዜ ብርሃን ያገኘው ድንች ቆዳው አረንጓዴ ይሆናል፤ በዚያ ክፍል ሶላኒን የተባለ መራራ መርዝ ይበዛል፤ መቀቀልም ሆነ መጥበስ በቂ መፍትሔ አይሆንም። አረንጓዴውን ክፍል በጥልቀት ቆርጦ መጣል፣ ከተስፋፋ ደግሞ ድንቹን መተው ይገባል።

ሁለቱ ሰዓታት

ከማሳ በሰላም የደረሰ ምግብ በመንገድ ዳርም ሊበላሽ ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት ከ5 እስከ 60 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ያለውን ሙቀት ለተዘጋጀ ምግብ አደገኛ ክልል ይለዋል፤ የበሰለ ምግብ ያለ ማቀዝቀዣ ከ2 ሰዓት በላይ እንዳይቆይም ይመክራል። የድሬዳዋ የቀን አየር ለባክቴሪያ መራቢያ እጅግ አመቺ ነው። አመቺ ሁኔታ ያገኘ ባክቴሪያ በየ20 ደቂቃው በእጥፍ ሊራባ ይችላል። በዚህ ስሌት 1 ሺህ የነበረው ባክቴሪያ ከ2 ሰዓት በኋላ 64 ሺህ፣ ከ4 ሰዓት በኋላ ደግሞ ከ4 ሚሊዮን በላይ ይሆናል።

ስለዚህ አሁን ከዘይት የወጣ ሳምቡሳ ከጠዋት ጀምሮ በመስታወት ሣጥን ከተደረደረው ይሻላል። ከድስቱ እየፈላ የሚቀዳ ፉልም ቀዝቅዞ ከቆየው ይመረጣል። የሥጋ ሳምቡሳ ከምስሩ ይልቅ በፍጥነት ይበላሻል፤ ውስጡ ትኩስ መሆኑን ማረጋገጥ ያስፈልጋል።

በጋሪው ፊት ምን ይታይ?

ተመጋቢው በዓይኑ ሊያረጋግጣቸው የሚችላቸው ነገሮች ጥቂትና ቀላል ናቸው። ዘይቱ ጠቁሮ የሚያጨስና አረፋ የሚደፍቅ ከሆነ በተደጋጋሚ አገልግሏል ማለት ነው። ገንዘብ የሚቀበለው እጅና ምግብ የሚያነሳው እጅ አንድ ከሆነ፣ ሻጩ ቢያንስ በመቆንጠጫ መጠቀም ይኖርበታል። ሳህኖች በአንድ ባልዲ ውሃ ደጋግመው ከሚታጠቡበት ይልቅ ቧንቧ የተገጠመለት ጀሪካን ያለበት ቦታ ይመረጣል። በቀለም በታተመ ጋዜጣ ላይ ትኩስ ዘይታማ ምግብ ማኖር አይመከርም። ፍራፍሬም ተቆርጦ ከተደረደረው ይልቅ በፊት ለፊት የሚላጠው የተሻለ ነው። ደንበኛ የሚበዛበት ጋሪ ምግቡ ሳይቆይ ስለሚያልቅ ወረፋው ራሱ መልካም ምልክት ነው።

እነዚህ ነጥቦች ሻጩን ለማሳጣት የሚነሱ አይደሉም። የመንገድ ዳር ምግብ በአነስተኛ መነሻ ገንዘብ የሚጀመር ሥራ በመሆኑ፣ የብዙ ሴቶችና ወጣቶች የዕለት ገቢ ነው። ንጹሕ ውሃ፣ ጥላና የቆሻሻ ማስወገጃ በቅርብ ካላገኙ ጥንቃቄው በእነርሱ ጫንቃ ላይ ብቻ የሚወድቅ ይሆናል። ከጋሪው ባሻገርም ገበሬው አለ። ተለቅሞና ደርቆ የቀረበ ለውዝ ካልተለቀመው የተሻለ ዋጋ ካላገኘ፣ ገበሬው ለመልቀም የሚያጠፋው ጊዜ ኪሳራ ሆኖ ይቀራል።

በድሬዳዋ ማምሻ ከጋሪው ፊት የሚቆም ሰው ትኩሱን ሲመርጥና ለተለቀመው ለውዝ ጥቂት ሳንቲም ሲጨምር፣ የራሱን ጤና ይጠብቃል፤ በዚያው ምርጫው ለሻጯም ሆነ ለባቢሌው ገበሬ ጥንቃቄያቸው ዋጋ እንዳለው ይነግራቸዋል።