በ1.3 ሲባዛ

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም.፣ ሰኞ ጠዋት። ከልደታ ኮንዶሚኒየም ወጥቼ በሰንጋ ተራ ሳልፍ አንድ ባንክ ደጃፍ ላይ ሰው ተሰብስቦ የምንዛሪ ሰሌዳውን በስልኩ ያነሣል። ዓርብ 57.48 ብር የነበረው ዶላር 74.73 ገብቷል። ብሔራዊ ባንክ ከእንግዲህ የዶላርን ዋጋ ገበያው ይወስናል ብሏል። ዝናቡ ያካፋል፤ ጥበቃው «ወይ ግቡ ወይ መንገድ ልቀቁ» ቢልም የሚሰማው የለም።

እኔን ቁጥሩ ከነከነኝ። ስልኬን አውጥቼ 57.48ን በ1.3 አባዛሁት፤ 74.724 መጣ። ከሰሌዳው ጋር ያለው ልዩነት አንድ ሳንቲም አይሞላም። ገዥና ሻጭ ተከራክረው የሚደርሱበት ዋጋ እንዲህ ቁርጥ ባለ 30 በመቶ ላይ ያርፋል? አንድ ቢሮ ውስጥ በካልኩሌተር የተሰፈረ መሰለኝ። እንዲያ ከሆነ ደግሞ እውነተኛው ዋጋ ገና አልተገኘም።

ማታ ከብሎካችን ሥር ሽቶና ቸኮሌት የሚሸጠው ልጅ ሱቅ ጎራ አልኩ። «እንግዲህ ዋጋ ልትቆልል ነው?» አልኩት።

«በምን ምክንያት ጋሼ? እኔ መቼ በ57 ገዝቼ አውቃለሁ?»

ነገሩ የገባኝ ቤቴ ከደረስኩ በኋላ ነው። በጥቅምት 2015 ዓ.ም. መንግሥት 38 ዓይነት ሸቀጦች የባንክ ዶላር እንዳያገኙ ሲከለክል ሽቶም ቸኮሌትም ዝርዝሩ ውስጥ ነበሩ። ስለዚህ የልጁ መደርደሪያ ሁለት ዓመት ሊሞላው ጥቂት እስኪቀረው በጥቁር ገበያ ዶላር ሲሞላ ኖሯል። ብሩ ከመለቀቁ በፊት በነበሩት ወራት መንገድ ላይ አንዱ ዶላር ከ100 ብር በላይ ይጠራ ነበር። ታዲያ በ57 ብር ሲሠራ የነበረው ማን ነው? ነዳጅና ማዳበሪያ የሚያስገባው መንግሥት ነው። ልጇ ከውጭ በባንክ የሚልክላት እናት ነች። ቡና ላኪውም አለ፤ ከ2014 ዓ.ም. ጀምሮ ካመጣው ዶላር 70 በመቶውን ለብሔራዊ ባንክ፣ 10 በመቶውን ለባንኩ እንዲሸጥ ተገዶ ነበር። ሰው ዶላሩን በባንክ አላስገባም ቢል ለምን ይፈረድበታል?

(አባቴ ዶላር ሲነሣ ዛሬም «2.07» ይላል። ከ1965 እስከ 1985 ዓ.ም. ያ ቁጥር ንቅንቅ አላለም ነበርና እንደ ስልክ ቁጥር በቃሉ ይዞታል።)

ነሐሴ 1 ቀን ረቡዕ ፍልሰታ ገባ። ነጠላ የለበሰው ሁሉ ወደ ልደታ ማርያም ሲያቀና ብሔራዊ ባንክ ለባንኮች የዶላር ጨረታ አወጣ። ጨረታ ማለት እያንዳንዱ ባንክ ጎረቤቱን ሳያይ የሚከፍለውን ዋጋ ጽፎ ያስገባል ማለት ነው። 27 ባንኮች ቀረቡ፤ አማካዩ 107.9 ብር ወጣ። ለደንበኛ በሰሌዳቸው ከዚያ ያነሰ የሚጽፉት ባንኮች ለራሳቸው ሲሆን የመንገዱን ዋጋ ሊነኩ ደረሱ። በዘጠኝ ቀን ውስጥ ካየሁት ሁሉ እኔን ያስደነቀኝ ይሄ ነው፦ ባንኮቹም እውነቱን ያውቁ ነበር።

ማወቁ ግን ዕዳ አለበት፤ ቃል በቃል። አገራችን በ2007 ዓ.ም. ለውጭ ባለሀብቶች በሸጠችው ቦንድ 1 ቢሊዮን ዶላር ተበድራለች፤ በታኅሣሥ 2016 ዓ.ም. 33 ሚሊዮን ዶላር ወለዱን ሳትከፍል ቀርታለች። ያ 1 ቢሊዮን በ57.48 ሲመነዘር ከ58 ቢሊዮን ብር ያንሳል፤ በ107.9 ደግሞ 108 ቢሊዮን ይጠጋል። አንድም ዶላር ሳንጨምር ዕዳው በብር ከ50 ቢሊዮን በላይ አበጠ። መንግሥት የሚሰበስበው ግብር ደግሞ በብር ነው። ብሩ በተለቀቀበት ዕለት የዓለም የገንዘብ ድርጅት 3.4 ቢሊዮን ዶላር ማጽደቁ ያለ ነገር አይደለም። ከወራት በፊት ግብፅም ፓውንዷን ለቅቃ በዚያው ቀን የድርጅቱ ብድር ከ3 ወደ 8 ቢሊዮን ዶላር ከፍ እንዲልላት ተስማምታለች።

ጨረታው በወጣበት ሳምንት አንድ ማታ ወደ ሱቁ ስመለስ ልጁ ከባንኮኒው ሥር የተጨማደደ ደብተር አወጣ። የመጨረሻዎቹ ገጾች ላይ በየቀኑ አንድ አንድ ቁጥር ተጽፏል፤ የመንገዱ ዶላር ነው፣ ሁለት ዓመት ሊሞላው። በነሐሴ 1 መስመር ላይ ግን ሁለት ቁጥሮች ጎን ለጎን አሉ፤ አንዱ የሱ፣ አንዱ የባንኩ። ተቀራርበዋል።

ማስመሪያውን አስጠግቶ ገጹን ከላይ እስከ ታች ለሁለት ከፈለና ቀና አለ። «ከዛሬ ጀምሮ ሁለቱንም እጽፋለሁ ጋሼ» አለኝ። ቀጥሎ የገባው ደንበኛ የሽቶ ዋጋ ጠየቀ።