ኮምፒዩተርን በደኅና ስለ መጠበቅ

ሰው የሠራው መሣሪያ ሁሉ ዕድሜው እንደ አያያዙ ነው። ማረሻ ካልተሳለ፥ ወፍጮ ካልተወቀረ ሥራው ይጐድላል። ኮምፒዩተርም እንዲሁ ነው። ነገር ግን ማረሻ ቢሰበር የሚጠፋው ብረቱ ብቻ ነው፤ የትምህርት ቤት ኮምፒዩተር ቢበላሽ ግን የተማሪዎች ስምና የብዙ ዓመት ውጤት አብሮ ሊጠፋ ይችላል። ስለዚህ መምህራን የሚከተሉትን አራት ልማዶች ሊይዙ ይገባቸዋል።

መዠመሪያው፥ ከትቢያና ከሙቀት መጠበቅ ነው። ኮምፒዩተር ሲሠራ ይሞቃል፤ በውስጡ ያለው ማራገቢያም ነፋስ እየሳበ ሙቀቱን ያስወጣል። ትቢያ መተንፈሻውን ሲደፍነው ግን ሙቀቱ መውጫ ያጣል። ያን ጊዜ መሣሪያው ራሱን ለማዳን ሥራውን ያዘገያል፤ ሙቀቱ ሲበረታም በድንገት ይጠፋል። ስለዚህ ከጠመኔ ብናኝና ከፀሐይ ማራቅ፥ ሥራ አልቆ ከቀዘቀዘም በኋላ በንጹሕ ጨርቅ መሸፈን ያሻል። በሚሠራበት ጊዜ መሸፈን ግን ማፈን ነው። የሚጠርገውም ሰው አስቀድሞ ገመዱን ይንቀል።

ሁለተኛው፥ የኤሌክትሪክ ነገር ነው። መብራት በድንገት ሲቋረጥ በመጻፍ ላይ ያለው ሥራ ይጠፋል፤ ሲመለስም ኃይሉ ከልክ አልፎ መሣሪያውን ሊጐዳ ይችላል። ስታቢላይዘር የተባለው ዕቃ ኃይሉን ያስተካክላል፤ ዩፒኤስ የተባለውም በባትሪው ሥራን አስቀምጦ ለመዝጋት የሚበቃ ጊዜ ይሰጣል። እነዚህ በሌሉበት ስፍራ መብራት ሲጠፋ ገመዱን መንቀል፥ ሲመለስም ጥቂት ታግሦ መሰካት ይገባል። ሥራ ሲያልቅ ኮምፒዩተሩን በትእዛዝ መዝጋት እንጂ ገመዱን መንጠቅ ነውር ነው።

ሦስተኛው፥ ከቫይረስ መጠበቅ ነው። ቫይረስ ፋይልን ለማጥፋት ወይም ለመስረቅ ሰው ሆን ብሎ የሚሠራው ፕሮግራም ነው፤ በኢንተርኔትና ከእጅ ወደ እጅ በሚዞር ፍላሽ ይተላለፋል። ስለዚህ ከውጭ የመጣ ፍላሽ ሳይመረመር አይከፈት። ሠሪዎቹ የሚልኩትንም ማሻሻያ ቸል ማለት አይገባም። ማይክሮሶፍት በ2009 ዓ.ም. በመጋቢት ወር የዊንዶውስን አንድ ጉድለት የሚደፍን ማሻሻያ አውጥቶ ነበር። ግንቦት 4 ቀን ዋናክራይ የተባለው ቫይረስ በዚያው ጉድለት ገብቶ የብዙ አገር ኮምፒዩተሮችን ቈለፈ፤ በእንግሊዝ አገር ሐኪም ቤቶችም ሕሙማንን እስከ መመለስ ደረሱ። ማሻሻያውን አስቀድመው የተቀበሉ ግን ከዚያ ጥቃት ዳኑ።

አራተኛውና ዋነኛው፥ ቅጂ ማስቀመጥ ነው። ከላይ የተነገረው ሁሉ ቢፈጸምም ዲስክ አንድ ቀን መበላሸቱ አይቀርም። ስለዚህ ብልሆች ሦስት ቅጂ ይይዛሉ፤ በሁለት ዐይነት ዕቃ ያኖሩታል፤ አንዱንም ከቤቱ ውጭ ያስቀምጡታል፤ እሳትና ሌባ በአንድ ቤት ያለውን ሁሉ አንድ ላይ ይወስዳሉና። ቅጂውንም በየጊዜው ከፍቶ መመልከት ያስፈልጋል፤ የማይከፈት ቅጂ እንደሌለ ይቈጠራል።

ይህ ሁሉ የመምህሩ ብቻ ሥራ አይደለም። የአገር ሽማግሌዎችም ትምህርት ቤቱን ሲጐበኙ፥ ስለ ጣሪያውና ስለ አጥሩ እንደሚጠይቁ ሁሉ፥ የልጆቻቸው ውጤት ቅጂ የት እንዳለና መቼ እንደ ተጻፈ ይጠይቁ። ጠያቂ ያለው ሥራ አይዘነጋም።