መቅኔ ያልሆነው ነጭ ገመድ

የበግ አከርካሪ በመጥረቢያ ሲፈለጥ በአጥንቶቹ መሃል ካለው ቀዳዳ ነጭና ለስላሳ ገመድ ብቅ ይላል። ብዙዎቻችን በልጅነታችን «መቅኔ ነው» ተብለን መጥጠነዋል። መቅኔ ግን ደም የሚፈጠርበት የአጥንት ሆድ ዕቃ ነው። ይህኛው ከአንጎል ቁልቁል የወረደ ነርቭ ሲሆን ስሙም ህብለ ሰረሰር ነው።

የሰውም ከዚሁ ብዙ አይለይም። የአዋቂ ሰው ህብለ ሰረሰር 45 ሳንቲ ሜትር ያህል ይረዝማል፤ ከትንሿ ጣት ብዙም አይወፍርም። ሦስት ሽፋኖች ተደራርበውበታል፤ ከመካከለኛውና ከውስጠኛው ሽፋን መሃል እንደ ውኃ የጠራ ፈሳሽ አለ። አገዳ እንደሚቆረጥ አግድም ቢቆረጥ፣ ነጩ መሃል ላይ የቢራቢሮ ቅርጽ ያለው ግራጫ ነገር ይታያል።

ከዚህ ገመድ በግራና በቀኝ 31 ጥንድ ነርቮች ይወጣሉ፦ 8 ከአንገት፣ 12 ከደረት፣ 5 ከወገብ፣ 5 ከዳሌ፣ 1 ከጭራ አጥንት። እያንዳንዱ ነርቭ ሁለት ሥር አለው። በጀርባ በኩል ያለው ወሬ ያስገባል፤ ትኩሱን፣ ሻካራውን፣ የሚያመውን። በሆድ በኩል ያለው ደግሞ ለጡንቻ ትእዛዝ ያወጣል። በባዶ እግሩ የሚሄድ እረኛ እሾህ ሲረግጥ እግሩን ብድግ የሚያደርገው ሕመሙ ገና ሳይሰማው ነው። ወሬው ህብለ ሰረሰር ሲደርስ ትእዛዙ እዚያው ይሰጣል፤ አንጎል የሚሰማው ነገሩ ካለቀ በኋላ ነው።

ከደባርቅ ወደ አዲ አርቃይ የወረደ ሰው ቀሪውን ለመረዳት አይቸገርም። ደባርቅን አንጎል እንበለው። መንገዱ በሊማሊሞ ተጠማዝዞ ይወርድና በዛሪማ አድርጎ አዲ አርቃይ ይገባል። ሊማሊሞ ላይ ናዳ ቢዘጋው ዛሪማም አዲ አርቃይም ከደባርቅ ይቆረጣሉ። ናዳው ከዛሪማ በታች ከሆነ ግን ዛሪማ ይተርፋል። ህብለ ሰረሰርም እንዲሁ ነው። ጉዳቱ ደረት ላይ ከሆነ እጅ ደኅና ሆኖ እግር አልታዘዝ ይላል፤ ሽንትና ሰገራ መቆጣጠርም ይቸግራል። አንገት ላይ ከሆነ እጅም ይጨመራል። ከአንገት 3ኛው፣ 4ኛውና 5ኛው ነርቮች ዋናውን የመተንፈሻ ጡንቻ ስለሚያዙ፣ ከእነሱ በላይ የተቆረጠበት ሰው በራሱ መተንፈስ አይችልም።

አንዳንዴ ደግሞ መንገዱ ሳይናድ አንዱ ረድፍ ብቻ ይዘጋል። ለዚህ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ የደምቢያና የፎገራ ገበሬ «ጓያ ሰበረው» የሚለው ሕመም ይኸው ነው። ጓያ ድርቅን ስለሚቋቋም ሌላው እህል ሲከዳ እሱ ይገኛል። ችግሩ ለወራት እሱን ብቻ ሲበሉ ነው። በውስጡ ያለው መርዝ ከአንጎል ተነሥተው በህብለ ሰረሰር በኩል እግርን የሚያዙትን ረጃጅም ነርቮች ይጎዳል። ሰውየው እግሩ ይገተራል፤ ጉልበቶቹ ይጣበቃሉ፤ በጣቱ ጫፍ እየረገጠ በምርኩዝ ይሄዳል። ቢቆነጥጡት ግን ይሰማዋል፤ አእምሮውም አልተነካም። ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው ይህን ሕመም በሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ ገጠሮች አጥንተዋል። መድኃኒት የለውም። ጓያውን ዘፍዝፎ ውኃውን መድፋትና ከሌላ እህል ጋር ቀላቅሎ መብላት መርዙን ይቀንሳል፤ ጨርሶ ግን አያጠፋውም።

ስለ መርፌም አንድ ነገር ልበል። በቀዶ ሕክምና የሚወልዱ እናቶች «የወገቡ መርፌ ሽባ ያደርጋል» ሲባል ይሰማሉ፤ ይፈራሉም። ፍርሃቱ የሚመጣው ገመዱ እስከ መቀመጫ የሚወርድ ከመሰለን ነው። ፅንስ በ3ኛ ወሩ ላይ እያለ በእርግጥም እንዲያ ነበር። በኋላ አጥንቱ ቀድሞ አደገ፣ ገመዱ ወደ ኋላ ቀረ፤ በአዋቂ ሰው ከ1ኛውና ከ2ኛው የወገብ አጥንት አካባቢ አያልፍም። ከዚያ በታች ያሉት በፈሳሹ ውስጥ የተንጠለጠሉ ነርቮች ናቸው፤ ሐኪሞችም «የፈረስ ጭራ» ይሏቸዋል። መርፌው የሚገባው እዚህ ነው። ነርቮቹ በውኃ ውስጥ እንዳለ ክር ሸሸት ስለሚሉ በመርፌው የመወጋታቸው ዕድል አነስተኛ ነው።

እጅ ላይ የተቆረጠ ነርቭ ተገጣጥሞ ከተሰፋ በቀን 1 ሚሊ ሜትር ያህል እያደገ ሊመለስ ይችላል። ህብለ ሰረሰር ይህን አያውቅበትም። ደግነቱ፣ አከርካሪው የተሰበረ ሰው ሁሉ ገመዱ ተቆርጧል ማለት አይደለም። ከገደል ወይም ከዛፍ ወድቆ እግሩን ሲያንቀሳቅስ የነበረ ሰው፣ አንዱ በብብቱ ሌላው በእግሩ አንጠልጥለው ሲያነሡት የተሰበረው አጥንት ሊንሸራተትና ገመዱን ሊቆርጠው ይችላል። በጎ አድራጊው ጎረቤት ነው እንግዲህ ሽባ ያደረገው።

ስለዚህ በቃሬዛ ሰው የምትሸከሙ የአገሬ ሰዎች፣ የወደቀውን ሰው አታስቀምጡት፣ አታቁሙት፣ በጀርባችሁም አትዘሉት። አደጋ እስካላሰጋው ድረስ ቃሬዛው እስኪመጣ እንደተኛ ይቆይ። አንዱ ጭንቅላቱን በሁለት እጁ ይያዝና አዛዥ ይሁን፤ ሌሎቹ በትከሻው፣ በዳሌውና በእግሩ በኩል ሆነው እሱ ሲል በአንድ ጊዜ እንደ ግንድ ያንከባሉት። ከሥሩ ሳንቃ ወይም የተነቀለ በር አስገቡለት። በአንገቱ ግራና ቀኝ የተጠቀለለ ጋቢ ደግፉለት፤ ከዚያ ተሸከሙት።